ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ምን ይሆናል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎራ ያለ ሰው ይህን ማየቱ አይቀርም። 4 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ 140 ገጽ የደረሰ የዎርድ ፋይል፣ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም፣ በዚያ ላይ አሥራ ምናምን ታብ የተከፈተበት ክሮም። ማውሱ ቀጥ ይላል። የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል። ተማሪው ይቁነጠነጣል። ከቴሌግራም ወይም ከዩቲዩብ የተለቀመው ምክር የሚመጣው ያኔ ነው፦ «ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፋው፣ ይፈጥንልሃል።»

ምክሩ ለአንድ ሁለት ቀን የሠራ ሊመስል ይችላል። ከዚያ ክሮም ታቦቹን መጣል ይጀምራል፤ ኤስፒኤስኤስ ትንፍሽ ሳይል ይዘጋል፤ ዎርድ «ሜሞሪ የለም» ብሎ ያንን 140 ገጽ ሴቭ አላደርግም ይላል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከስሙ መጀመር ይሻላል። ግራ የሚያጋባው አንዱ ነገር ስሙ ነውና።

ለመሆኑ ቨርቹዋል ሜሞሪ ምንድን ነው?

ፕሮግራሞች ራሙን በቀጥታ አያዩትም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው የአድራሻ ዝርዝር ይሰጠዋል። ያን አድራሻ ወደ ትክክለኛው የራም ቦታ የሚመነዝሩት ፕሮሰሰሩና ዊንዶውስ ናቸው። ምንዛሪው የሚካሄደው ፔጅ በሚባሉ ቁርጥራጮች ሲሆን በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ኮምፒውተሮች አንድ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። ዎርድ የክሮምን ሜሞሪ እንዳይነካ፣ ክሮምም የዎርድን እንዳያበላሽ የሚያደርገው ይኸው አሠራር ነው። ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለውም በትክክል ይህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ትንሿን ፈጣን ሜሞሪና ትልቁን ዘገምተኛ ማከማቻ እንደ አንድ ሜሞሪ አድርጎ ያሠራ ነበር። በ1985 የወጣው የኢንቴል 80386 ፕሮሰሰር ደግሞ ፔጅ በፔጅ የመመንዘሩን ሥራ ወደ ግል ኮምፒውተር አመጣው።

ፔጅ ፋይል ከዚህ ሁሉ አንዷ ክፍል ናት። ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ የሚቀመጥ «ፔጅፋይል ዶት ሲስ» የሚባል ፋይል አለ። ራም ሲጣበብ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን ፔጅ ከራም አንስቶ እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ሲፈለግ ይመልሰዋል።

እና «አጠፋሁት» ሲባል የጠፋው ምኑ ነው?

ይህቺ ፋይል ብቻ ናት። የአድራሻው ምንዛሪ ኮምፒውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል፤ የሚያጠፋው ቁልፍም የለም። የዊንዶውስ መስኮት ላይ «ቨርቹዋል ሜሞሪ» ተብሎ የተጻፈው በልማድ እንጂ እዚያ የሚስተካከለው የፔጅ ፋይሉ መጠን ነው። ስለዚህ «ኖ ፔጂንግ ፋይል» የሚለውን የመረጠ ሰው ቨርቹዋል ሜሞሪን አላጠፋም፤ ጓዳውን ብቻ ነው የዘጋው።

ጓዳው ሲዘጋ ዲስኩ ያርፋል አይደል?

ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ነገሩን በዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት እንየው። ራም ጠረጴዛው ነው፤ ዲስኩ መደርደሪያው ነው፤ ፔጅ ፋይል የጠረጴዛው መሳቢያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንደኛው ዋናው ቅጂ መደርደሪያ ላይ ያለለት ኮፒ ነው። ቦታ ሲጠብ ይጣላል፤ ሲያስፈልግ ከዋናው እንደገና ይገለበጣል። የፕሮግራሙ የራሱ ኮድ እንዲህ ነው፤ ዎርድን ዎርድ ያደረገው ፋይል ዲስኩ ላይ ስላለ ዊንዶውስ ከራም ላይ ቢጥለው አይጎዳም። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ወረቀት ነው። ተማሪው አሁን የተየበው አንቀጽ፣ ኤስፒኤስኤስ ያሰላው ሠንጠረዥ፣ ክሮም የከፈተው ገጽ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ አይጣልም። ከጠረጴዛው የሚነሳው መሳቢያ ካለ ብቻ ነው።

መሳቢያው ሲዘጋ በእጅ የተጻፈው ሁሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልነካው ጭምር፣ ጠረጴዛው ላይ ይከመራል። ቦታ ለማግኘት የሚጣለው ኮፒው ብቻ ይሆናል። ኮፒው ደግሞ አሁን እየተሠራበት ያለው የፕሮግራም ኮድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ይጣላል፣ ወዲያው ይፈለጋል፣ ከዲስክ ይነበባል፣ ደግሞ ይጣላል። ፔጅ ፋይል ጠፍቶ እያለ የዲስኩ መብራት እንደ ድሮው ሲንተገተግ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፔጅ ፋይል ቢኖር ኖሮ ጠዋት ተከፍቶ የተረሳው ታብ ወደ መሳቢያ ይገባና የሚሠራው ፕሮግራም ቦታ ያገኝ ነበር።

ዲስክ መነካቱ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው? ቁጥሩ ይናገራል። ራም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር አዲሱ ዓይነት ዲስክ ወደ 100 ማይክሮሰከንድ፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ራም አንድ ሰከንድ ፈጀበት ብንል ኤስኤስዲ 17 ደቂቃ ያህል፣ ሃርድ ዲስክ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። የመጀመሪያው እጅ ዘርግቶ ከጠረጴዛ ማንሳት ነው፤ ሁለተኛው ሰፈር ውስጥ ካለ ሱቅ ደርሶ መምጣት፤ ሦስተኛው ከጅማ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወርዶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ መመለስ።

ራሙ ሳይሞላ «ሜሞሪ አልቋል» የሚለው ለምንድን ነው?

ፔጅ ፋይል ማጥፋት የሚያመጣው ዋናው ጉዳት ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንኑ ነው።

ምረቃ ሲደርስ ጅማ ያለ ፔንሲዮን ምን እንደሚሆን እናስብ። 20 ክፍል አለው። ወላጆች ከየአገሩ እየደወሉ ክፍል ይይዛሉ። አንዳንዱ «ለሦስት ሌሊት ሁለት ክፍል» ይላል፤ ሲመጣ ግን በአንዱ ያድራል። ቃል የተገባለት ክፍል፣ አልጋው ባዶ ቢሆንም፣ ለሌላ አይሰጥም። ባለቤቱ አጠገቡ ካለ ፔንሲዮን ጋር «ከሞላብኝ ወዳንተ እልካለሁ» ብሎ ከተስማማ ግን 20 ክፍል ይዞ 30 ሰው መቀበል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎረቤት የሚሄድ እንግዳ ላይኖር ሁሉ ይችላል። ሆኖም ስምምነቱ ባይኖር ኖሮ 21ኛውን ደዋይ «ሞልቷል» ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ሰባት አልጋ ባዶውን እያደረ።

ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። የሚያስፈልጋቸውን ሜሞሪ አስቀድመው ያስይዛሉ፤ ከያዙት ውስጥ ብዙውን ላይነኩት ይችላሉ። ዊንዶውስ ይህን የተያዘ ሜሞሪ «ኮሚትድ» ይለዋል። ጣሪያውም ራሙና ፔጅ ፋይሉ ሲደመሩ የሚገኘው ነው። ዊንዶውስ የማይፈጽመውን ቃል አይገባም፤ የተያዘው ጣሪያው ላይ ከደረሰ ቀጣዩን ጠያቂ እምቢ ይላል።

በቁጥር እንየው። 4 ጊጋባይት ራም ካለው ላፕቶፕ ለግራፊክስና ለመሳሰለው ተቀንሶ 3.9 ይቀራል እንበል። ፔጅ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ከሆነ ጣሪያው 7.9 ይሆናል። ፕሮግራሞቹ 5.2 ቢያስይዙና ከዚያ ውስጥ በእርግጥ የሚጠቀሙበት 3.1 ቢሆን ሁሉም በሰላም ይሠራል። ፔጅ ፋይሉ ሲጠፋ ጣሪያው 3.9 ላይ ይወርዳል። ያው የፕሮግራም ስብስብ 3.9 አስይዞ ገና 2.5 ያህሉን ብቻ እየተጠቀመ ሳለ በሩ ይዘጋል። ራሙ ላይ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነፃ ሆኖ እየታየ ፕሮግራም «ሜሞሪ የለም» ብሎ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ይህን ራስዎ ማየት ይችላሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብተው «ሜሞሪ»ን ይጫኑ። ከግራፉ ሥር «ኮሚትድ» ከሚለው ቃል አጠገብ በእዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው የተያዘው ነው፣ ሁለተኛው ጣሪያው። የነፃ ራሙን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይህችን መስመር ስለሚዘላት ነው ነገሩ እንቆቅልሽ የሚሆንበት።

ምን ምን ይበላሻል?

ከሁሉ የሚያናድደው የሚሞተው ፕሮግራም ጥፋተኛው አለመሆኑ ነው። ጣሪያው የተነካው በክሮም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ «እምቢ» የሚባለው ግን በዚያች ቅጽበት ሜሞሪ የጠየቀው ነው። ክሮም 3 ጊጋባይት ይዞ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ሴቭ ለማድረግ ጥቂት ሜጋባይት የጠየቀው ዎርድ ይወድቃል። አንዳንዱ ፕሮግራም መልእክት ያሳያል፤ አንዳንዱ መስኮቱ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱ ድንገት ይሰወራል። ነገሩ ሲብስ ታስክ ማናጀርን እንኳ መክፈት ያቅታል፤ እሱም ለመነሳት ሜሞሪ ይፈልጋልና።

ዊንዶውስ ጣሪያው ሲቃረብ «ሜሞሪ እያነሰ ነው፣ ፋይሎችዎን ሴቭ አድርገው እነዚህን ፕሮግራሞች ይዝጉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ፔጅ ፋይል ሲኖርና መጠኑ በራሱ የሚስተካከል ሲሆን ፋይሉ ያድግና ጊዜ ይገኛል። ሲጠፋ ግን ጣሪያው ግንብ ነው፤ በማስጠንቀቂያውና በውድቀቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ምክንያቱን በኋላ መፈለግ ለሚፈልግ «ኢቬንት ቪውወር» በሚባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማሳያ ውስጥ «ሲስተም» በሚለው መዝገብ ቁጥር 2004 የተጻፈበት መስመር ይኖራል፤ ብዙ ሜሞሪ የያዙትን ፕሮግራሞች በስም ይዘረዝራል።

ሌላው ጉዳት የሚታየው ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ሲወድቅ ነው። በዚያ ቅጽበት ዊንዶውስ ሜሞሪው ውስጥ የነበረውን መረጃ በጥድፊያ የሚጽፈው ሲ ድራይቭ ላይ ባለው ፔጅ ፋይል ውስጥ ነው፤ ሌላ ፋይል እከፍታለሁ ቢል ሥርዓቱ ራሱ ወድቋልና አይታመንም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያ መረጃ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሜሞሪ ዶት ዲኤምፒ» በሚል ስም ይቀመጣል። ፔጅ ፋይል ከሌለ ይህ ሁሉ አይሆንም። ኢቬንት ቪውወር ውስጥ ቁጥር 46 የሆነና መረጃ የመመዝገቡ ዝግጅት እንዳልተሳካ የሚገልጽ መስመር ብቻ ይቀራል። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ከተማ ሰማያዊ ስክሪን ብርቅ አይደለም፤ ጠጋኙ ጋ የተወሰደው ላፕቶፕ ያ ፋይል ከሌለው ችግሩ ራም ይሁን፣ ዲስክ ይሁን፣ ድራይቨር ይሁን በግምት ነው የሚፈለገው። ዊንዶውስ ራሱ ፔጅ ፋይሉ ሲጠፋ ይህን የሚያስጠነቅቅ መልእክት ያወጣል፤ የሚያነበው የለም እንጂ።

እንደ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድና ከባድ ጌሞች ያሉት ደግሞ ገና ሲነሱ ብዙ ሜሞሪ ስለሚያስይዙ ጭራሽ ላይከፈቱ ወይም መሀል ላይ ሊዘጉ ይችላሉ።

የማይበላሸውንም መናገር ተገቢ ነው። ሃይበርኔት፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ የሚጠቀመው ሌላ ፋይል ስለሆነ አይነካም። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሥራም አይጠፋም። ፔጅ ፋይል የመጠባበቂያ ቅጂ እንዳልሆነም ይታወቅ፦ መብራት ሲጠፋ እዚያ ውስጥ የነበረው ለማንም አይጠቅምም፤ ከመብራት መጥፋት የሚያድነው ሴቭ ማድረግ ነው።

ኤስኤስዲውን አይጨርሰውም?

ይህ ስጋት መሠረት አለው፤ ግን ተጋኗል። ኤስኤስዲ ሊጻፍበት የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው። 250 ጊጋባይት ለሚይዙ የታወቁ ኤስኤስዲዎች አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና እስከ 150 ቴራባይት ይደርሳል። ፔጅ ፋይሉ በየቀኑ 10 ጊጋባይት ቢጻፍበት፣ ይህም ቀላል አይደለም፣ በዓመት 3.65 ቴራባይት ይሆናል። 150ውን ለመጨረስ 41 ዓመት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ቀድሞ ያረጃል።

ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 7ን ሲያዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከተጠቃሚዎች የሰበሰበውን መረጃ ጠቅሶ ከፔጅ ፋይል የሚነበበው ከሚጻፍበት 40 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ገልጾ ነበር። የሚነበበውም በትናንሽ ቁራጭ ነው። ትናንሽ ቁራጭ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ እጅግ የሚበልጥበት ሥራ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ኤስኤስዲም ሃርድ ዲስክም ካለው ፔጅ ፋይሉ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን። ያንኑ አንድ ሃርድ ዲስክ ሲ እና ዲ ብሎ ከፍሎ ፔጅ ፋይሉን ወደ ዲ ማዛወር ግን ፋይዳ የለውም፤ የሚሽከረከረው ያው አንዱ ዲስክ ነው።

16 ወይም 32 ጊጋባይት ራም ካለኝስ?

ያኔ ቢጠፋም ለወራት ምንም ላይታይ ይችላል። ዎርድና ክሮም ብቻ የሚከፍት ሰው 32 ጊጋባይቱን አይነካውም። ግን ልብ ይባል፦ ራም ከተረፈ ፔጅ ፋይሉ እምብዛም ስለማይነካ፣ ማጥፋቱ የሚጨምረው ፍጥነት የለም። የሚገኘው ጥቅም የዲስክ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቀን ትልቅ ቪዲዮ ሲቀነባበር ወይም ሰፊ ዳታ ሲተነተን ደግሞ ግንቡ እዚያው ይጠብቃል። የይለፍ ቃል ቅሪት ፔጅ ፋይል ውስጥ ይቀራል ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ፣ መፍትሔው ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ መቆለፍ ነው።

በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ስዋፕ (የእሱ ፔጅ ፋይል) ሲጠፋበት ሁኔታው ትንሽ ይለያል። በተለመደው አሠራሩ ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ ሲጨንቀው አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ስልክ ካርቶን ላይ «4+4 ጂቢ» ተብሎ የሚጻፈውም የዚሁ የመሳቢያው ዘመድ ነው፤ ሁለተኛው 4 ከማከማቻው የተወሰደ እንጂ ራም አይደለም።

ጠፍቶ ከሆነ እንዴት ይመለሳል?

«ዚስ ፒሲ» ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ። «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ሥር «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ» የሚለው ታብ፣ እዚያ ውስጥ «ቨርቹዋል ሜሞሪ» ሥር «ቼንጅ»። ከላይ ያለችው «አውቶማቲካሊ ማኔጅ» የምትል ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ፣ «ኦኬ» ይበሉ፣ ሪስታርት ያድርጉ። አለቀ።

ምልክቱን ሳያደርግ ለሲ ድራይቭ ብቻ መመለስ የሚፈልግ «ሲስተም ማኔጅድ ሳይዝ» የሚለውን ይምረጥ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፦ ከመረጡ በኋላ «ሴት» የሚለውን ቁልፍ ሳይጫኑ በቀጥታ «ኦኬ» ይላሉ፤ ለውጡ ሳይመዘገብ ይቀራል። ሪስታርት ካደረጉ በኋላ ታስክ ማናጀር ውስጥ የ«ኮሚትድ» ሁለተኛው ቁጥር ከራሙ በልጦ ከታየ ተመልሷል።

በራሱ እንዲስተካከል ሲተው ፔጅ ፋይሉ ማደግ የሚችለው እስከ ራሙ ሦስት እጥፍ ወይም እስከ 4 ጊጋባይት፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ነው፤ ግን ከድራይቩ አንድ ስምንተኛ አያልፍም። 4 ጊጋባይት ራም ያለውና ሲ ድራይቩ 120 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ እስከ 12 ሊደርስ ይችላል። ሲ ድራይቩ 60 ብቻ ከሆነ 7.5 ላይ ይቆማል። ድራይቩ ጢም ብሎ ከሞላ ደግሞ ማደጊያ የለውም፤ ፊልሙንና የድሮ ኢንስቶለሩን ወደ ሌላ ማዛወር ያኔ ይረዳል። መጠኑን በእጅ መወሰን ግድ ከሆነ የሚጻፈው በሜጋባይት ነው፦ መነሻ 4096፣ ጣሪያ 8192 ለ4 ጊጋባይት ራም የሚሄድ ነው።

ታዲያ ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈው ከምን የተነሳ ነው?

ፔጅ ፋይሉ መሥራቱ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው የራም ማነስ፣ ብዙ ጊዜም ከሃርድ ዲስኩ ጋር ተደምሮ ነው። ለማረጋገጥ «ሪሶርስ ሞኒተር» ከፍተው «ሜሞሪ» ውስጥ «ሃርድ ፎልትስ» የሚለውን ግራፍ ይመልከቱ። ፕሮግራም ሲከፈት ለአፍታ ሽቅብ ቢል ደንብ ነው። ሥራ መሀል ሳይወርድ ከቆየ ራሙ አልበቃም።

ገንዘብ ሳያወጡ የሚደረገው፦ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» የሚለው ጋ ገብቶ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ማጥፋት፣ ክሮም ውስጥ «ሜሞሪ ሴቨር»ን ማብራት፣ ኤስፒኤስኤስ ሲሠራ ታቦቹን መቀነስ። ገንዘብ ካለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን 8 ማድረስ፤ ሁለቱንም ማድረግ ካልተቻለ ግራፉ የማይወርድለት ከራሙ ይጀምር።

ራም ለመግዛት ከመሄድ በፊት ያው ታስክ ማናጀር ይታይ። «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለው ከ2ቱ 1 ካለ አንድ ቦታ ክፍት ነው ማለት ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይቀያየሩም፣ ጥርሳቸው ላይ ያለው ክፍተትም አይገጥምም፤ ስለዚህ ያለውን ራም ነቅሎ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ቀብድ ከመክፈል በፊት ክዳኑ ይከፈት። አዲሱ ራም ከገባ በኋላም ፔጅ ፋይሉ እንደበራ ይቆይ፤ አውቶማቲክ ላይ ከሆነ መጠኑን በአዲሱ ራም ልክ ራሱ ያስተካክላል።